ጋሽ ሙሄ የመረጡልኝ ጠመንጃ

የጋሽ ሙሄን መሞት የነገረችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ዘይነብ ናት። ረመዷን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆመችና "ሙሄ ዛሬ ጠዋት ሞተ" አለችኝ። በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ሮቢንስዴል በተከራዩት ምድር ቤት ሱሑር በልተው ለመስገድ ሲነሱ ወደቁ። ያገኛቸው በአንድ ታክሲ እየተፈራረቀ አብሯቸው የሚሠራው አብዲ ነው፤ መኪናውን ሊረከብ ሄዶ። ዘይነብ ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችኝ፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። በለቅሶዋ መሃል ቀና ብላ፣ "ሙሄ በዕድሜው አንዲት ነገር ሳያመነታ አደረገ" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው በሳቃችን አፈርን።

ያኔ እኔ ከባለቤቴ ከሰይድ ኢዳ፣ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤት ከምትቀመጥበት ሐዘን፣ ገና መውጣቴ ነበር። ሐዘን በሐዘን ላይ ሲመጣ ሰው የትኛውን እንደሚያለቅስ አያውቅም። አሁን በክረምቱ መሃል፣ በረዶው መስኮቴን ግማሽ ድረስ ሸፍኖት፣ ቀስ እያልኩ ይህን የምጽፈው ጋሽ ሙሄን ስለማውቃቸው አይደለም። እንደማውቃቸው አስብ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግን አንዲት ነገር እጄ ገባችና የማውቀውን ሁሉ አደባለቀችብኝ። ስጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ጋሽ ሙሄ የሰይድ የኮምቦልቻ ጓደኛ ነበሩ። ረዘም ያሉ፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንዲት ቡናማ ሹራብ የማትለያቸው ሰው። ሚስት አላገቡም። ኤርፖርት ታክሲ ይሠሩ ነበር፤ መንገደኛው መንገድ ካልመረጠላቸው፣ በየትኛው ሃይዌይ እንሂድ ብለው እሱኑ ይጠይቁታል። ምግብ ቤት ገብተው ሜኑውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ሲያበቁ፣ "እናንተ ያዘዛችሁትን" ይላሉ። ጫማ ሊገዙ ሄደው ካልሲ ገዝተው ይመለሳሉ። የሆነ ነገር ወስኑ ሲባሉ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ከዚያ "ለሳምንት" ይላሉ። ለሳምንት አያለሁ፣ ለሳምንት እነግራችኋለሁ፣ ለሳምንት አላህ ያውቃል። ሰይድ፣ "ሙሄ ዘንድ ሳምንት አታልቅም" ይል ነበር።

ግን ይኸውላችሁ፣ ሰይድ የሞተ ቀን ወንዶቹ መቃብር ቦታ ሄደው ሁለት ባዶ ቦታ ሲያሳዩዋቸው፣ ሌሎቹ እዚህ ይሻላል እዚያ ይሻላል ሲባባሉ፣ ጋሽ ሙሄ ጆሯቸውን ሳይነኩ፣ "እዚህ" ብለው ቆሙበት አሉ። ለምን ሲሏቸው፣ "ከሰዓት በኋላ የዛፉ ጥላ ይደርሰዋል" አሉ። ይህን የነገሩኝ ሰዎች ራሳቸው ተገርመው ነበር።

ሰይድ ትቶት የሄደው ነገር ዶሮ ነው። ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ አለፍ ብሎ ኤርል የሚባል ሽማግሌ ገበሬ አለ፤ ከመሬቱ ጥግ አሮጌ የዶሮ ቤት ነበረውና ሰይድ ተከራየው። ብሩክሊን ሴንተርና አካባቢው ያሉ ቤተሰቦች ቅዳሜና እሑድ ይሄዳሉ፣ የሚፈልጉትን ዶሮ ያሳያሉ፣ ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ ያርድላቸዋል። በእጁ የታረደ፣ ምን እንደበላ የሚያውቀው ዶሮ ነው የሚሰጣቸው፤ ሰው የሚመጣው ለዚያ ነው። ክንፍ የሚይዙት ጋሽ ሙሄ ናቸው። ቢላዋው ሲጠጋ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ሰይድ፣ "ሙሄ፣ ዶሮዋን ያዝ እንጂ መንገዱን አትያዝ" ይላቸዋል። እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ አላቸው፦ "ሁለት ሰው ካላየው አይታረድም?"

ሰይድ በግንቦት ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። እኔ እንደ አገራችን ወግ ለኢዳ ቤት ተቀመጥኩ። ዘይነብ ከሴንት ፖል መጥታ እኔ ዘንድ ገባች። ዶሮዎቹን ማን ያብላ ሲባል ጋሽ ሙሄ ማንም ሳይጠይቃቸው ያዙት። ከታክሲያቸው ሲወርዱ በየቀኑ እየሄዱ ያበሏቸዋል፣ ያጠጧቸዋል፤ እንቁላሉን ለቅመው ለሰው ያደርሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሆነውን ሊነግሩኝ ቤቴ ይመጣሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። ዘይነብ ከበረንዳው ወንበር ታወጣላቸዋለች፤ እኔ ከውስጥ፣ ከትንኝ መከላከያው የሽቦ መረብ በር ኋላ እቀመጣለሁ። ያን በጋ ሙሉ ጋሽ ሙሄን ያየኋቸው በመረቡ ቀዳዳዎች ተቆራርጠው ነው።

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ መጡና፣ ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው ብላቸው፣ "ደህና ናቸው። ብቻቸውን ግን አይደሉም" አሉኝ።

አይጥ ነው። መጀመሪያ ከመኖው፣ ቀጥሎ ከእንቁላሉ፣ ከዚያ ከጫጩቶቹ ጀመረ። ወጥመድ አጥምደው ነበር፤ የያዘው የዶሮ ጣት ነው። ድመት ቢያመጡ የኤርል ውሻ አባረራት። መርዝ እንዳይበተን ደግሞ ዶሮ የሞተ አይጥ ካገኘች ትነቁራለች፤ መርዝ የቀመሰችን ዶሮ ደግሞ እኔ ለሰው አሳርጄ አልሰጥም። ኤርል ግን የእህል ጎተራው ከዶሮ ቤቱ ብዙ አይርቅም። ለጋሽ ሙሄ በግልጽ ነገራቸው፦ ውርጭ እስኪወርድ አይጡ ካልቀነሰ እሱ ራሱ በመሬቱ ሁሉ ላይ መርዝ ይበትናል። ያ ማለት የሰይድ ዶሮ ቤት ተዘጋ ማለት ነው። የዒዱም ዶሮ ቀረ፤ ሰይድ ደግሞ ከመሞቱ በፊት ለስንቱ ቤት ቃል ገብቶ ነበር።

ዘይነብ ሽጡትና ተገላገሉ አለች። እኔ እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ እንዳልኩ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ዶሮ አልወድም፣ ሽታውንም አልወደውም። ሰይድ አልጋ ላይ ሳይታመም፣ ሳይሰናበት፣ ማለዳ ዶሮዎቹን አይቶ ወደ ሥራ እንደሄደ ነው የቀረው። ዶሮ ቤቱ ሲዘጋ ያ ማለዳም የሚዘጋ መሰለኝ።

የአየር ጠመንጃን ሐሳብ ያመጣው ኤርል ነው። በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር ትንሽ የእርሳስ ጥይት የምትተፋ፣ ለአይጥ የምትበቃ፣ ዋጋዋም የማይከብድ። በመሬቱ ላይ እንድንተኩስ ፈቀደ። እኔም በመረቡ በር ኋላ ሆኜ፣ ኢዳዬ ሲያልቅ ራሴ ሄጄ እተኩሳለሁ አልኩ። ጋሽ ሙሄን፣ ለምን እርስዎ አይተኩሱም ብላቸው፣ "እኔ መምረጥ ልምረጥልሽ እህቴ" አሉ። ዘይነብ ከኋላዬ፣ "ወይ አለቀልን" አለች።

እውነትም ያን በጋ ያልሰማነው ዓይነት ጠመንጃ የለም። ጋሽ ሙሄ ከመንገደኛ መንገደኛ መሃል ባገኙት ጊዜ ሱቅ እየዞሩ፣ ሻጩን እየጠየቁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያዩትን ይዘውልን ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ የምትሠራውን አመሰገኑ፤ ለመተኮስ ቀላል፣ ለሴት ክንድ የምትመች። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ጆሯቸውን ያዙ። ጋዝ ብርድ አይወድም፤ ውርጭ ሲመጣ ጉልበቷ ያልቃል፤ አይጧን ታቆስላለች እንጂ አትገድልም። ጋሽ ሙሄ ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አይጥ መግደል ይፈቀዳል፤ ማሰቃየት ግን አይፈቀድም። "ከገደልሽ አንዴ ይሁን። አቁስለሽ ከምትለቂያት ማሪያት" ይሉኛል።

ከዚያ ፓምፕ የምትደረገው መጣች። እሷ ብርድ አትፈራም፣ ርካሽም ናት፤ ግን ለአንድ ጥይት ብዙ ጊዜ መግፋት አለ። ዘይነብ ወደ እኔ እያሳየች፣ "አይጧ ሉባባ ፓምፕ አድርጋ እስክትጨርስ ቆማ ትጠብቃታለች?" ስትል እሳቸውም አሰቡና፣ "ዘይነብ እውነቷን ነው" አሉ። ቀድሞ አየር የሚሞላባትም አለች፤ እሷ ከሁሉ ትሻላለች፤ መሙያዋ ግን በዋጋ ከጠመንጃዋ ይበልጣል። ቀረች።

የቀረችው በሞላ፣ በጥምዝ ሽቦ ጉልበት፣ የምትሠራዋ ናት። አፈሙዟን እንደ ክንድ አጥፈሽ ታቀባብያታለሽ፣ ሞላው ይታመቃል፣ ቃታውን ስትስቢ ይለቀቃል፤ ሌላ ምንም አትፈልግም። እዚህ ላይ ተስማምተን ነበር። ግን ጠንካራዋን ለማቀባበል የወንድ ክንድ ይጠይቃል፤ ደካማዋ ደግሞ ታቆስላለች። መካከለኛዋ ትሻላለች ሲባል፣ ቀጭን ጥይት ነው ወፍራም የሚለው መጣ። ቀጭኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ሲደርስ ይከብዳል። በሐምሌ ቀጭኑ ይሻላል ብለው ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍራሙ፤ በሦስተኛው፣ ዶሮ ቤቱን ለሚያህል ርቀት ሁለቱም አንድ ነው አሉ። እኔ ተምታታብኝ። ቀን ሳሎኑን ስጠርግ ስለ ሞላና ስለ ጋዝ አስባለሁ፤ ስለ ሰይድ ሳላስብ ግማሽ ቀን ማለፉን ሳውቅ ደግሞ እደነግጣለሁ።

ዘይነብ በረንዳው ላይ ሻይ ስትሰጣቸው አትምራቸውም። "እሺ ሙሄ፣ የዛሬዋስ ምን ጉድለት አላት?" ትላለች ገና ሳይቀመጡ። እሳቸው በቁምነገር ይመልሱላታል፦ ሳጥኗ ላይ ፍጥነቷን በትልቁ ጽፈዋል፤ ሳጥን ሲጮህ ደስ አይለኝም፤ ፍጥነት ሻጭ ያመጣው ወሬ ነው እንጂ አይጥ በጥይት ሩጫ አትመታም። ወይም፦ ላይዋ ላይ ያሰሩላት ማነጣጠሪያ መነጽር ርካሽ ነው፣ ሁለቴ ስትተኩስ ይላላል፣ ለዚህ ርቀት ዓይንሽ ይበቃሻል። ዘይነብ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና፣ "ሙሄ፣ ወደ ሱቁ ሽማግሌ እንላክልህ እንዴ? ለአንዲት ጠመንጃ እንዲህ ከሆንክ አለማግባትህ እውነትህን ነው" አለች። ጋሽ ሙሄ አልተቆጡም። "የማትመለስ ነገር ስትመርጪ እንዲህ ነው" አሉ። እኔ ከመረቡ ኋላ፣ ጠመንጃማ ደረሰኙን ከያዙ ይመለሳል፣ ስል አስታውሳለሁ። ወደ እኔ አዩና ሻያቸውን አነሱ።

ከቅዳሜዎቹ ሁሉ አንዱ አይረሳኝም። ወንዙ ላይ ያለው የትልቁ ሃይዌይ ድልድይ የወደቀበት ሳምንት ነው። ሰው ሁሉ የማን ዘመድ በዚያ ሰዓት የት ነበር ሲባባል ሰንብቷል። ጋሽ ሙሄ በዚያው ቀን ሁለቴ ተሻግረውት ነበር። መጥተው ተቀመጡ፤ ሻዩ በእጃቸው ቀዘቀዘ። በኋላ፣ "ብረትም ይደክማል" አሉ። "ሞላዋን አቀባብለሽ አታሳድሪ እህቴ። ታቀባብያለሽ፣ ታነጣጥሪያለሽ፣ ካልተኮስሽም በቀስታ መልሺላት። ታምቆ የከረመ ነገር ይደክማል።" ይህን ብለው ተነሡ። ዘይነብ ያን ቀን ስለ ጉድለት አልጠየቀችም።

እንዲህ ሆኖ ኢዳዬ አለቀ፤ ጠመንጃዋ ግን አልተገዛችም። ሚሌኒየም ሚሌኒየም እየተባለ ሰው ሁሉ ጨርቁን በሚያዘጋጅበት፣ ረመዷንም በሚገባበት ሰሞን ነው። ጋሽ ሙሄ ዘይነብንና እኔን በታክሲያቸው ከኋላ አስቀምጠው ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰዱን። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ መረብ አየኋቸው። ከስተው ነበር፤ አንገታቸው ሹራቧ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። መንገዱን ሙሉ የትኛው መታጠፊያ ይሻላል እያሉ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ።

ዶሮ ቤቱ ንጹሕ ነበር። ሰይድ እንዳለ ከነበረው ይልቅ ንጹሕ ነበር። በአንዱ ግድግዳ ሥር ግን አይጦቹ በቀን ብርሃን እንደ ባለቤት ይመላለሳሉ። "አሁን ጠመንጃዋ ብትኖር ኖሮ" አልኩ። ጋሽ ሙሄ "ለሳምንት" አሉ። ከዚያ የማልጠብቀውን አደረጉ፤ መጥረጊያውን አንስተው እንጨቱን ሰጡኝ፣ ትከሻሽ ላይ አስደግፊው አሉኝ። ክንዴን ዘርግቼ ቃታ የሚሆንበት ጋ ጣቴን ሳደርስ፣ ቢላዋ አውጥተው እንጨቱ ላይ ምልክት ቀረጹ። ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡኝ። "ከአይጧ በፊት ከአይጧ ኋላ ያለውን እይ። ኋላዋ ዶሮ ካለ ተይ፣ ቆርቆሮ ካለም ተይ፣ ይመልስብሻል። እንጨት ካለ ብቻ።" ዘይነብ በሩ ላይ ቆማ፣ "በመጥረጊያ ልታስገድላት ነው?" ስትል ሦስታችንም ሳቅን። ጋሽ ሙሄን ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከተቀበሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል አብዲ ቤታችን መጣ። ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ ቤቱ የሚናገር፣ አማርኛውን ከታክሲ ሰልፍ የተማረ። ከታክሲው ኋላ ረጅም የካርቶን ሳጥን አውጥቶ በረንዳው ላይ፣ ጋሽ ሙሄ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አጋደመው።

"እትዬ ሉባባ፣ ይሄ ያንቺ ነው መሰለኝ" አለ። "ጋሼ የሰው አደራ ነው እያሉ እንዳልነካው ያስጠነቅቁኝ ነበር።"

ዘይነብ ሳጥኑን ከፈተችው። የእንጨት ሰደፍ ያላት፣ በሞላ የምትሠራ የአየር ጠመንጃ ናት። መካከለኛዋ። ቀጭን ጥይት የምትጎርሰዋ። መነጽር የሌላት።

"መቼ ነው የገዙት?" አልኩት። ከመሞታቸው በፊት ባለው ሳምንት ይሆናል ብዬ።

"ኧረ ቆየ። ሰኔ ላይ ነው፤ አብረን ነው ስቶሩ የገባነው። ሃያ ደቂቃም አልፈጀባቸው። ይቺን አነሱ፣ ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ከፈሉ፣ ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትራንክ ውስጥ ናት። የኤርፖርት ሻንጣ በሷ ላይ ነው የምጭነው፣ ወላሂ።"

ዘይነብና እኔ ተያየን። ሰኔ ማለት ገና ከጋዟ በፊት ነው። ከፓምፗ በፊት፣ ከወፍራሙና ከቀጭኑ በፊት፣ ከድልድዩ በፊት። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ጉድለት ሲቆጠር፣ ጠመንጃዋ ከበረንዳው ማዶ በቆመው ታክሲ ውስጥ ተኝታ ነበር። ዶሮ ቤቱ በሄድን ቀን ዘይነብና እኔ የተቀመጥነው ከሷ አንድ ክንድ ፊት ነው።

"ታዲያ ለምን?" አለች ዘይነብ አብዲን፣ እሱ ያጠፋ ይመስል።

አብዲ አላወቀም። በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ተኳሽ ነበርኩ ብለውት ነበር። ዘይነብ ተቆጣች፤ ሙሄ ወታደር ቤት የት ያውቃል፣ ኮምቦልቻ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የእኔን የዘይነብን የሰርግ ቀሚስ የሰፋው እሱ ነው አለች። አብዲ እኔ እንጃ፣ የነገሩኝን ነው አለ። እኔ ጠመንጃዋን አነሳሁ። ትከሻዬ ላይ ሳደርጋት ጣቴ ቃታው ላይ በቀጥታ አረፈ። ሰደፏን ገልብጬ አየሁት፤ ጫፏ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በአሸዋ ወረቀት ተለስልሶ፣ የላስቲክ ማስደገፊያዋ እንደገና በብሎን ተመልሶ ታስሮላታል። ሥራው እንደ ልብስ ሰፊ እጅ ጥንቁቅ ነው። መጥረጊያው ላይ የቀረጹት ልክ ነው።

ሊሰጡኝ ባይፈልጉ ለምን በክንዴ ልክ ቆረጧት? ሊሰጡኝ ከፈለጉስ ለምን አራት ወር ደበቋት? ዘይነብ አንድ ነገር አሰበች፤ በቀስታ ነገረችኝ። ሰይድ በሞተ ሰሞን እኔ እህል የማልበላ፣ ሰው ሲጠራኝ የማልሰማ ነበርኩ። እንደዚያ ያለችን ሴት ቤት ጠመንጃ ማስገባት ፈርቶ ይሆናል አለች። ሊሆን ይችላል። ግን እኮ በአየር የምትሠራ ናት፤ ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ወይ ደግሞ ምክንያት ካለቀ በረንዳው ላይ የሚያስቀምጣቸው ነገር ስለሚያልቅ ነው። ይሄንንም ዘይነብ ናት ያለችው፤ ብላው ወዲያው ሌላ ወሬ አመጣች።

ጠመንጃዋን ከተማ ውስጥ መሞከር ስለማይፈቀድ፣ ዒድ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አብዲ ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰደን። ሣሩ ላይ ጠዋት ጠዋት ነጭ ነገር ማረፍ ጀምሯል። ኤርል በትራክተሩ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ጋሽ ሙሄ አዘነ። ከዚያ ጠመንጃዋን ሲያይ ፈገግ አለና፣ "በመጨረሻ ተረከብሻት" አለኝ።

ያውቅ ነበር። በጋውን ሙሉ፣ ዶሮዎቹን ካበሉ በኋላ ጋሽ ሙሄ ይተኩሱ ነበር አለ። ወደ ጎተራው ጀርባ ወስዶ ሳንቃ አሳየኝ። መሃሉ ላይ ሳንቲም በምታህል ቦታ ጥይቶቹ ተደራርበው አንድ ቀዳዳ ሆነዋል። ከዳር ዳር ያመለጡ ቀዳዳዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የመጀመሪያ ሰሞን ናቸው፣ ማነጣጠሪያዋን ሲያስተካክሉ፣ አለኝ ኤርል።

"አይጥስ?" አልኩት።

ኤርል ራሱን ነቀነቀ። "አንድም ጊዜ አልተኮሰባትም። አይጥ ስትመጣ ያነጣጥራል፤ ረጅም ጊዜ ያነጣጥራል። ከዚያ ያወርዳትና ሞላውን በቀስታ ይመልሳል። ለምን አትተኩስም ብለው፣ ባለቤቷ አለች ይለኛል።"

ባለቤት ሲሉ የጠመንጃዋ ባለቤት ማለታቸው ነው ወይስ የሰይድ ባለቤት፣ በእንግሊዝኛው አልገባኝም፤ ኤርልም አላወቀም።

ዶሮ ቤቱ ውስጥ ባልዲው እንደተገለበጠ ነበር። ከግድግዳው ሥር፣ አይጦቹ በሚመላለሱበት ኋላ፣ ባለፈው ያልነበረ ወፍራም የእንጨት ሳንቃ ቆሟል። ጋሽ ሙሄ ቆርቆሮውን ሸፍነውበታል። ተቀመጥኩ። አቀባበልኳት፤ ከበደችኝ፣ ግን ቻልኳት። ዘይነብ በሩ ላይ ቆመች። ዶሮዎቹ ትንሽ ተንጫጭተው ዝም አሉ። አንድ አይጥ ወጣች፤ ሮጣ አይደለም፣ እየተራመደች። ከሷ በፊት ከኋላዋ ያለውን አየሁ። እንጨት ነው። ዶሮ የለም። አነጣጠርኩ፤ ላወርዳት እችል ነበር፣ ሞላዋን በቀስታ ልመልስላት እችል ነበር። የሰይድ ማለዳ ትዝ አለኝ። ቢስሚላህ አልኩ፤ ለአይጥ እንደማይባል አውቃለሁ፣ ግን ከአፌ ወጣ። ቃታውን ሳብኩ።

አይጧ ባለችበት ቀረች። አልተንፈራገጠችም። አንዲት ዶሮ አንገቷን አስግጋ አየቻትና ወደ መኖዋ ተመለሰች። ያን ቀን እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ የመታኋቸውን ኤርል በአካፋ ወስዶ ቀበራቸው፤ ሲሄድ መርዙን በረዶ እስኪጥል እንደሚያቆየው ነገረኝ። የዒዱ ዶሮ አልቀረም። ከዚያ ወዲህም እሄዳለሁ። አሁን ክንዴ ለምዷል።

ለመውጣት ስንነሳ ዘይነብ ጠመንጃዋን ከእጄ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ሞከረቻት። ዘይነብ ረጅም ናት፤ አውራ ጣቷ አፍንጫዋን ነካት። መለሰችልኝ። አብዲ ታክሲውን አስነስቶ ይጠብቀናል፤ ጋሽ ሙሄ የሚያቆሙበት ቦታ ላይ። ዘይነብ ወደዚያ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ፤ ያኔ በረንዳው ላይ ታወራበት በነበረው ድምፅ፣

"እሺ፣ የዛሬዋስ ምን ጉድለት አላት?" አለችኝ።

የለባትም ልላት ነበር። ሰደፏን ዳሰስኩ፤ የተቆረጠበትን፣ የተለሰለሰበትን። መሬቱን አየሁ።

"ለሳምንት እነግርሻለሁ" አልኳት።